አባዬ አንዴ ብቻ የጠየቀው ጥያቄ

የማስቲሽና የቆዳ ሽታ በሸተተኝ ቁጥር የአባዬ መዳፍ ትዝ ይለኛል። አባዬ ከወሎ መጥቶ መርካቶ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጫማ የሚሠራ ሰው ነበር፤ ቆዳ የሚቆርጥባት ቢላ የአባቱ ስለነበረች ለማንም አያውሳትም፣ ሱቅም አያሳድራትም፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በኮቱ ኪስ ይዟት ይገባ ነበር። እማዬ «ዋናዋ ሚስትህ እሷ ናት» እያለች ታሾፍበት ነበር።

ክረምት ላይ ጭቃው ሲበረታ ገበያው ይቀዘቅዝና መንገደኛ የሚፈትሹት ፖሊሶችም በየበረንዳው ይጠለሉ ነበር። መስከረም ሲጠባ ግን ገበያውም ፍተሻውም አብረው ይሟሟቁ ነበር። አንድ ዓመት ትምህርት ቤት የሥነ ዜጋ መጽሐፍ ተሰጠኝና፣ ማንም ሰው ያለ በቂ ምክንያት እንደማይፈተሽ የሚናገረውን ገጽ ሳነብለት አባዬ የሚሰፋውን ጫማ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። ማንበብ አይችልም ነበርና ከዚያ ወዲህ በየቀኑ «እስቲ ድገሚልኝ» ይለኝ ነበር፤ እኔም እንደ አስተማሪ እየተኮፈስኩ ፖሊስ ሲያስቆመው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አስጠናሁት። እማዬ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብላ ብትገሥጸን ሁለታችንም ሳቅንባት። ያ ሳቅ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አብረን ወደ ቤት ስንሄድ፣ መሳለሚያ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ አስቆመን። አባዬ እንደ ወትሮው እጁን ሊያነሳ ሲል እጅጌውን ጎተትኩት፤ ገባው።

«ጌታዬ፣ መፈተሹን ይፈትሹኝ፤ ብቻ ምክንያቱን ይንገሩኝ» አለ፣ ልጁ የሚሆነውን ሰው አንቱ ብሎ።

«ማነው ይሄን ያስተማረህ?» አለው ፖሊሱ።

አባዬ ወደ እኔ አላየም። «ማንም» አለ።

ኪሱ ሲበረበር ቢላዋ ወጣች። «ጫማ ሠሪ ነኝ» ቢልም የሰማው አልነበረም፤ ፖሊሱ በኮሌታው ጎትቶ ሲወስደው አባዬ ዞሮ «አንቺ ወደ ቤት ግቢ» ብቻ አለኝ።

በአራተኛው ቀን ተለቀቀ፣ ቢላዋ ግን ቀረች። በገዛው አዲስ ቢላ ቆዳው እየተጣመመበት ብቻውን ይነጫነጭ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር ገና ከሩቁ ሁለት እጁን ያነሳ ነበር፣ ለትራፊክም፣ ለባንክ ዘበኛም፣ የሰፈሩም ልጆች ይስቁበት ነበር። ዳግመኛ «ድገሚልኝ» ብሎኝ አያውቅም። አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

አባዬ ከሞተ ቆይቷል። መሳለሚያ ላይ ዛሬም ይፈተሻል፤ ያኔ ኪስ ነበር፣ አሁን ስልክም ይታያል፣ እኔም ምክንያቱን ሳልጠይቅ ከፍቼ አቀብላለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄ የትምህርት ቤት መጽሐፉን ይዞ መጣና ያንኑ ነገር አነበበልኝ። «እማ፣ ሰው እውነት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይችላል?» አለኝ፣ ዓይኑ እየበራ።

«ለፈተና አጥናው» አልኩት፤ «መንገድ ላይ ግን እንዳትለው።»