ጭስ የሚያሸተው ሳጥንና የአባቴ ተዝካር

ከትውልድ ከተማዬ ከአማኑኤል ልወጣ ዋዜማ ምሽት ቤታችን ጭስ በጭስ ነበር። ልጅ አገር ጥሎ ሲሄድ ጎረቤት እናቱን ሊያጽናና መምጣቱ አይቀርም፤ እናቴም ለዚያ የሚሆን ጠላ ልትጠነስስ የወይራ ፍልጥ አጭሳ ጋኗን ደፍታበት ታጥናለች። እኔ ሻንጣዬን ስዘጋ አይኔ ያነባል፤ ከጭሱ ይሁን ከሌላ እንጃ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ «አንች ሴትዮ፣ ተይ እንጂ! ልጁ አውሮፕላን ላይ እንደ ቋንጣ ሊሸት ነው» አላት።

«ይሽተት! ቤት ያለው የሰው ልጅ መሆኑን ይወቁለት» አለች፣ ቀና ሳትል።

አባቴ በማግስቱ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። በሶ የሞላ ከረጢት ሻንጣዬ ውስጥ ጠቀጠቀልኝና «በል እንግዲህ» ብሎ ከእኔ ቀድሞ ዞረ። አውቶቡሱ ሳይነሳ ነው የሄደው። እንባውን ላለማሳየት እንደሆነ የገባኝ ጎሃ ጽዮን ካለፍን በኋላ ነው።

እንግዲህ ሐምቡርግ ገባሁ። እናንተ ወገኖቼ፣ እዚህ አገር ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለው ማጉተምተም ነው። የእኛ የሐምሌ ዝናብ መብረቁንም በረዶውንም አውርዶ ይወጣለታል፤ ከዚያ ፀሐይ ትወጣና መሬቱ ይሸታል። ይኼኛው ግን እንደ ምቀኛ ጎረቤት ቀኑን ሙሉ ሲያልጎመጉም ይውላል፤ ሲያበቃም የሚሸት መሬት የለም። ድንቹ ይጣፍጣል፣ ስኳር ስኳር ይላል፤ ድንች ደግሞ ስኳር ስኳር ማለት አልነበረበትም። ሰዉ ክፉ አይደለም። ደረጃ ላይ ሲያገኝህ «ሀሎ» ይልህና የከብትህን ደህንነት ሳይጠይቅ በሩን ይዘጋል።

መጀመሪያ የተከራየሁት ከአንዲት አሮጊት፣ በእነሱ አጠራር ከፍራው፣ ማለትም ከወይዘሮ ኢልዘ ቤት ነበር። እዚህ በየክፍሉ ጣራ ላይ ጭስ ሲያይ የሚጮህ ክብ ነገር ተለጥፏል። ቁሌት ባቁላላሁ ቁጥር ይጮሃል፤ ፍራው ኢልዘም በፒጃማቸው ይደርሳሉ፤ «ሄር» የሚሉኝ አቶ ለማለት ነው።

«ሄር አንዷለም፣ ቤቱ እየተቃጠለ ነው?»

«የለም፣ ሽንኩርት ነው።»

«ሽንኩርቱ ምን በድሎዎት ነው የሚያቃጥሉት?»

«ወጥ ልሠራ ነው።»

«ቀቅሉት! መቀቀል ድምፅ የለውም።»

ስለዚህ ሳምንቱን እየቀቀልኩ፣ እሑድ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እያቁላላሁ ኖርኩ። እግዜር ቀልደኛ ነውና የሙያ ትምህርቴን ስጨርስ የቀጠረኝ ድርጅት ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የጭስ ማንቂያ መፈተሽ!

የምንፈትሸው ግን የፍራው ኢልዘን ዓይነት ጯሂ አይደለም። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች፣ በተለይ ኮምፒዩተር በሚደረደርባቸው ክፍሎች፣ ጣራው ላይ ቀጭን ቧንቧ ይዘረጋል፤ ቧንቧው በየቦታው ትንንሽ ቀዳዳ አለው። አንድ ሳጥን ጫፉ ላይ ተቀምጦ ሌት ተቀን አየሩን ይስባል፤ ሰው ምንም ሳያይ እሱ ጭሱን ያሸታል። በየጊዜው ሄደን ከሳጥኑ በጣም የራቀችው ቀዳዳ ሥር ጥቂት ጭስ እንይዛለን፤ ሳጥኑ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ከጮኸ አለፈ፣ ከዘገየ ቧንቧው ተደፍኗል ወይም ተሰንጥቋል ማለት ነው። ሥራውን ወደድኩት። ጭስ ይዞ መሰላል ላይ መቆም ለአማኑኤል ልጅ ባዕድ አይደለም።

ባለፈው ክረምት አባቴ ሞተ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም። የመኖሪያ ወረቀቴ በእድሳት ላይ ስለነበር ከአገር ብወጣ መመለሻ አልነበረኝም፤ በስልክ አለቀስኩ። እናቴ ዘመዱን ሁሉ ተቋቁማ «ተዝካሩ እስከ ጥር ይቆይ፤ ትልቁ ልጁ ይመጣል» አለችልኝ። የቀረኝ አለቃዬ ዩርገን ቋሚውን ውል እንዲፈርምልኝ ብቻ ነበር። ፕሮበትሳይት የሚሉት የሙከራ ጊዜዬ ኅዳር ላይ ያልቃል፤ ውሉ ከተፈረመ ወረቀቱ ይሰጠኛል፣ ወረቀቱ ከተሰጠኝ ጥር ላይ አማኑኤል ነኝ። ለእናቴም ይህንኑ ነገርኳት። ነጠላ እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

ሙከራዬ ሊያልቅ ሲል ከዩርገን ጋር አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሄድን። ዩርገን ከታች ሳጥኑ አጠገብ ሬዲዮና ሰዓት ይዞ ቆመ፤ እኔ ከላይ መሰላሉ ላይ ነኝ። ለመፈተሻ የምናጨሰው እንደ ጥጥ ፈትል ያለ ክር ነው፤ ያን ዕለት ያ የሚያልጎመጉም ዝናብ ገብቶበት አልያያዝ አለኝ። መኪናችን ደግሞ ሩቅ ነው የቆመችው። እንደ አጋጣሚ አንዲት ከአገር ቤት የተመለሰች የደብረ ማርቆስ ልጅ ጠዋት ከእናቴ የተላከ የወይራ ፍልጥ አስረክባኝ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። በባልዲ የምጠምቃት ጠላ ለዛ አጣች ብዬ ለእናቴ አጉረምርሜ ነበርና።

«ጭስ ጭስ ነው» አልኩ በልቤ። ከፍልጡ በቢላ ልጬ ቆርቆሮ ክዳን ላይ ለኮስኩት፤ ነበልባሉን እፍ ብዬ አጥፍቼ ጢሱን ወደ ቀዳዳዋ ያዝኩት።

ወዲያው ሬዲዮው «ደረሰ! በጣም ጥሩ፣ አጥፋው!» አለ።

አላጠፋሁትም። እኛ ዘንድ ወይራ ገና መጨስ ሲጀምር አይጠፋም፤ ጢሱ ነጥቶ እስኪወፍር ይጠበቃል፣ አለዚያ ጋኑ ይከፋዋል። ይኼን አስቤ አይደለም፤ እጄ ብቻውን ነው የጠበቀው። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ የእናቴ ጓዳ፣ የአባቴ ካፖርት፣ የበራችን ጉበን ሁሉ መጣብኝ፤ መሰላሉ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ዩርገን ለፍተሻው ከሕንፃው ደወል የለየው የእኛን ሳጥን ብቻ ነበር። አጠገቤ ጣራው ላይ ያሉት ተራዎቹ ማንቂያዎች አልተዘጉም፤ ለትንሽዋ ክር ጭስ መዝጋት አያስፈልግምና። የእኔን ጢስ ሲያዩ ግን ሕንፃው በሙሉ ጮኸ።

ሠራተኛው ሁሉ በደረጃ ወርዶ ዝናብ ላይ ተሰለፈ። እሳት አደጋ መጣ። አለቃቸው ባለ ሪዝ ጎልማሳ ነው።

«ምንድን ነው የተቃጠለው?»

«ወይራ።»

«የት የበቀለ?»

«አማኑኤል።»

«ለምን የሚሆን ነው?»

«ጋን የሚታጠንበት ነው።»

«ጋኑ የት አለ?»

«እናቴ ጋ።»

ሰውዬው ዩርገንን አየ፤ ዩርገን ሰማይ ሰማይ አየ። ሰውዬው ክዳኑን አንስቶ አሸተተና «ጥሩ ይሸታል» ብሎ ሄደ።

ዩርገን ክፉ ሰው አይደለም። መኪና ውስጥ «ሳጥኑ አልፏል፤ አንተ ወድቀሃል» አለኝ። «ቋሚውን አሁን ብፈርም ደንበኛው ይታዘበኛል። ጊዜያዊ ውል እሰጥሃለሁ፤ እስከ ፋሲካ እንተያይ።»

«ዩርገን፣ ጥር ላይ የአባቴ ተዝካር ነው።»

«ተዝካር ምንድን ነው?»

ማስረዳት ጀመርኩና መሀል ላይ ጀርመንኛዬ አለቀብኝ።

በማግስቱ የውጭ አገር ሰዎች ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊዋ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ሰማችኝ።

«ውልዎ ጊዜያዊ ከሆነ ወረቀትዎም ጊዜያዊ ነው።»

«በጊዜያዊው ወረቀት ከአገር መውጣት እችላለሁ?»

«መውጣትማ ማን ከለከለዎት? መመለስ ነው የማይችሉት።»

«ለተዝካር ብቻ ነው፤ ወዲያው እመለሳለሁ።»

«ሁሉም እንደዚያ ይላል» አለችኝ፤ ፈገግታዋ ግን የእውነት ነበር፤ እሱ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

«እማ፣ አለሽ?»

«አለሁ።»

«እስከ ፋሲካ ማዘግየት አይቻልም?»

«ልጄ፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ ለካህናቱም ተነግሯል። አባትህን እስከ መቼ ደጅ ላቁመው? ሰዉስ ምን ይለኛል?» ከዚያ ድምፅዋን ለስለስ አደረገች። «አይዞህ፣ ስልኩን አስይዝልሃለሁ፤ እየሰማህ ትውላለህ።»

የተዝካሩ ዕለት ከሥራ ቀረሁ። ነጠላዬን ለበስኩ፤ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ነጠላ ለብሼ መቀመጤ ሲያስቀኝ ዋለ። እናቴ ስልኩን ድንኳኑ ምሰሶ ላይ አስራው ኖሮ ሁሉም ይሰማኛል። ፍትሐቱ፣ የሳህኑ ኳኳታ፣ «ኧረ በእግዜር ድገሙ!» የሚለው የእናቴ ድምፅ። አንዱ አጎቴ ጠላው ዘንድሮ አንደኛ ነው ሲል ሰማሁ። ስሜን የጠራ ግን አልነበረም። እኔም ለመናገር አፈርኩ።

በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ቤተሰቡን ሊመርቁ ተነሱ።

«የሟቹ ልጆች ቅረቡ። ትልቁ የታለ?»

እኔ ክፍሌ ውስጥ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ቆሜአለሁ።

«መንገድ ላይ ነው አባ» አለች እናቴ። «እየመጣ ነው።»

እሳቸውም «እንግዲያውስ ጥቂት እንጠብቀው» አሉ። ድንኳን ሙሉ ሰው ዝም ብሎ ጠበቀኝ።