የእትዬ አስካለ ፊት

ትናንት ከሰዓት ልጆቼ ፊልም እያዩ መብራት ሄደ። «ኤጭ!» አሉ ባንድ አፍ። እኔ ሳቄ መጣ፤ ከሳቁ በኋላ ግን አንድ የቆየ እፍረት ተከተለ።

ካርቱም ተማሪ ሳለሁ፣ በዩኒቨርሲቲው የፊልም ክበብ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት መጋረጃ ዘግተን እንግዳ እንግዳ ፊልሞች እናይ ነበር። ታሪክ የሚባል ነገር የላቸውም፤ አንዱ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ያሳያል። አልገባኝም ማለት ነውር ስለነበር ሁላችንም ይገባን ነበር።

እኔም አንድ ሠራሁ። ዴም በሚባለው የካርቱም ሰፈር ምግብ ቤት የነበራቸውንና ቤታቸው ያስጠጉኝን እትዬ አስካለን ቀረጽኩ። ድምፅ የለውም፤ አሥር ደቂቃ ሽንኩርት የሚከትፉ እጆች፣ መጨረሻ ላይ አራት ደቂቃ ፊታቸው። «ፊቴን አሳምረህ አንሳኝ እንጂ እጄንማ ማን ያየዋል!» ብለውኝ ነበር።

ፊልሙ በክበቡ በሚታይበት ዕለት፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በቀር የማይዘጉትን ቤት ዘግተው፣ ሹሩባ ተሠርተው፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው መጡ። የብርድ ወር ስለነበር ማራገቢያ አልተከፈተም። ከኋላ፣ ከውሃ ማቀዝቀዣው አጠገብ ተቀመጡ።

ሽንኩርቱ አልቆ እጃቸውን ሲያብሱ ሸራው ጠቆረ። ከሀረባ ሄደ፤ መብራትን እዚያ እንዲህ ነው የሚሉት። ሰው ግን ንቅንቅ አላለም፤ የፊልሙ አካል መስሎት ጨለማው ላይ አፍጥጦ ቀረ። ፊልሙን የከፈትኩበት ላፕቶፔ በባትሪ መሥራቱን አላቆመም፤ ፊታቸው እዚያ ላይ ፈገግ ሲል ይታየኛል። ተነስቼ «መብራት ነው የጠፋው» ማለት ነበረብኝ። ክዳኑን ዝቅ አደረግሁት።

መብራቱ ሲመለስ አንዱ ፊልሙ ያለቀ መስሎት አምፖሉን አበራ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። «ወላሂ፣ ያ ጨለማ! ድፍረት ማለት ይኼ ነው» አለ መምህራችን። አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ።

በሪክሻ ስንመለስ እትዬ፣ «ፊቴሳ?» አሉኝ።

«እጅዎ ላይ ነው የሚያልቀው፣ እትዬ።»

«ይሁን፣ ልጄ።» ከዚያ ወዲያ አላነሱትም።

ትናንት መብራቱ ሳይመለስ ጎንደር ደወልኩላቸው፤ ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲመጣ ወደዚያ ገብተዋል። ሁሉንም ተናዘዝኩ።

«አውቄያለሁ እኮ» አሉ። «ማቀዝቀዣው ዝም ሲል ሰማሁት። ሥጋ እንዳይበላሽብኝ ሃያ ዓመት ፍሪጅ ሳዳምጥ የኖርኩ ሴት ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«ያ ሁሉ ሰው ሲያጨበጭብልህ ላዋርድህ? በል አሁን ላከው። ዓይኔስ ከድቶኛል፤ የጎረቤቴ ልጅ እያየች ትነግረኛለች።»

ከመላኬ በፊት ከፍቼ አየሁት። እኔ ስንት ጊዜ ሳየው እሳቸው አንዴ እንኳ አላዩትም። መጨረሻው ላይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ባይኖረውም ያኔ ያሉኝን አስታውሳለሁ፤ «አማረብኝ?» ነበር ያሉት።

ለልጅቷ «አምሮባቸዋል በያቸው» ብዬ ጽፌ አብሬ ላክሁት።