አጎቴ የደረሰበት ምልክት

ባለፈው ሳምንት ሐኪም ቤት ደረቴን ሲያዩኝ፣ ነርሷ አፍና አፍንጫዬ ላይ የኦክስጅን መሸፈኛ ብታደርግልኝ የላስቲኩ ሽታ ይዞኝ ሶዶ ገባ። "አባባ፣ ዘና ብለው ይተንፍሱ" ትለኛለች። እኔ ግን በሐሳብ አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበርኩ። ጣሪያው በፀሐይ ይንጣጣል፣ የማሽን ዘይትና የላብ ሽታ ተቀላቅሎ ይመጣል፣ ታላቅ ወንድሜም የብረት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይቀዝፋል። ይኸውልህ፣ ከውሃ ርቀን ተራራ ሥር ነበር የምንቀዝፈው።

እኛ የአባያ ሐይቅ ዳር ሰዎች ነን። አባታችን ቶሎ ስለሞተ ያሳደገን ታናሽ ወንድሙ ነው። አጎቴ ታንኳ ነበረው። በቆሎ፣ ጨው፣ ፍየል፣ አንዳንዴም ሙሽራ ከነሚዜዎቿ በዚያ ቀይ ውሃ ላይ ያሻግራል። ከኋላው ሆኖ የሚቀዝፈው ወንድሜ ነው። ከሁለታችን መማር የሚችለው አንድ ብቻ ነው ሲባል ወንድሜ ለእኔ ሲል ቀረና እኔ ሶዶ ትምህርት ቤት ገባሁ። መቅዘፊያ የምይዘው ትምህርት ሲዘጋ ነው።

በንጉሡ ዘመን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ትምህርት ገና ተዘግቶ ሳለ፣ አንድ የፈረንጅ ሐኪም ሶዶ መጣ። በሽተኛ የሚያክም ሳይሆን ጤነኛ የሚመረምር ነበር፤ ይህ ነገር ለከተማው ሰው ከቶ አልገባውም። በአገሩ ስመ ጥር የጀልባ ቀዛፊዎችን ያሠለጥን ነበር አሉ። ማወቅ የፈለገው የደጋ ሰውና የሐይቅ ዳር ሰው ጉልበቱን ሲያወጣ ልቡ፣ ሳንባውና ደሙ እንዴት እንደሚሆን ነው። ሐይቁን ወደ ሶዶ ማምጣት ስለማይቻል በጭነት መኪና የመቅዘፊያ ማሽን አመጣ። ወንበሩ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፣ እጀታውን ስትስበው ከባድ የብረት ጎማ ይዞራል፣ የሰዓት ፊት በመሰለ ክብ ነገር ላይም ቀይ መርፌ ጉልበትህን ያሳያል። የገበያ ሰዎች በመስኮት እያዩን ይስቁ ነበር። አንዷ ሴትዮ እነዚህ ሰዎች ምን በድለው ነው ብላ በሐዘኔታ ጠየቀች። ዛሬ የልጅ ልጄ ጂም ቤት ገንዘብ ከፍላ ያንኑ የመሰለ ማሽን ትጎትታለች።

የሚያስተረጉምልን የከተማው ክሊኒክ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው፣ ነበር። የሰሜን ሰዎች ልጅ ቢሆንም ሶዶ ተወልዶ ያደገ ነውና ወላይትኛን እንደ እኛው ይናገራል። ከዳሞት ተራራ ጥቂት ጎረምሶችን፣ ከሐይቁ ዳር ደግሞ አጎቴን፣ ወንድሜን፣ እኔንና ሁለት ጎረቤቶቻችንን መርጦ ያመጣን እሱ ነው።

ሥልጠናው ሳምንታት ፈጀ። አንዳንድ ቀን በዝግታ ረጅም ጊዜ ያስቀዝፈናል፣ አንዳንድ ቀን አጭርና ኃይለኛ ያደርገዋል፣ ከዚያ ዛሬ ዕረፉ ይለናል። ዕረፍትም ከሥልጠናው አንዱ ነው ሲባል አጎቴ አላመነም፤ ድሬሰሩን ደግመህ ጠይቀው አለው። የምንበላውን ቦዬ፣ ያን የተቀቀለ ሥር፣ ከቃሪያ ማባያው ከዳታው ጋር ይመዝንብን ነበር። ለምርመራ ስንቀመጥ አፍንጫችንን በመቆንጠጫ ይዘጋና የላስቲክ ቧንቧ አፋችን ውስጥ ያስገባል፤ ትንፋሻችን አንድ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ከጆሯችን ጫፍም ጠብታ ደም ይወስዳል። ሰው አቅሙ ሲያልቅ ደሙ ይጎመዝዛል ብሎ ድሬሰሩ አስረዳን። ይህን አነጋገሩን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

በመጨረሻ ከሐይቅ ዳር ሰዎቹ አንድ፣ ከተራራ ልጆቹም አንድ፣ የበለጠ ጉልበት ያሳየው ከሐኪሙ ጋር ባሕር ማዶ ሄዶ እንደሚሠለጥን ተነገረን። ወንድሜ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ከዚያ ሐይቅ የሚያወጣው ሌላ መንገድ እንደሌለው ያውቃል። ለእኔ ብቻ፣ ዳሩ የማይታይ ውሃ አይቶ መመለስ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ከመካከላችን እሱን የሚያህል እንደሌለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን ብለን እናስብ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛን አሠራር ልንገርህ። እኛ ዘንድ ሰው ተሰብስቦ የአንዱን ማሳ ሲቆፍር፣ ዳጓ የምንለው ማለት ነው፣ ሰልፉን የሚመራው በዕድሜ ትልቁ ነው። ጎረምሳው ምንም ጉልበት ቢኖረው ሽማግሌውን አልፎ አይቆፍርም። ካለፈው፣ አርጅተሃልና ቤትህ ግባ ብሎ በሰው ፊት እንደተናገረው ይቆጠራል። ታንኳ ላይም ያው ነው። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ክንዳችን ለምዶት ነው ያደገው።

የፈተናው ቀን አጎቴ ትልቃችን ስለሆነ ቀድሞ ተቀመጠ። መርፌው ወጣ ወጣና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ወንድሜ ቀጠለ፤ መርፌው እዚያው ቦታ ሲደርስ ቆመ። ጎረቤቶቻችንም፣ እኔም፣ እዚያው። ሐኪሙ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ፈታታው፣ ዘይት ቀባው፣ ራሱ ተቀምጦ ሲሞክረው መርፌው አጎቴን አልፎ ሄደ። ግራ ገባው። ቆይቶ የወንድሜን ደም መርምሮ መጣና ለድሬሰሩ አንድ ነገር ነገረው። ድሬሰሩ እንደ ተራ ወሬ አድርጎ አስተረጎመልን፤ "የዚህ ልጅ ደም አልጎመዘዘም። አልደከመም ይላል።"

አጎቴ ወንድሜን አየው። ወንድሜ መሬት መሬት ያያል። አጎቴ ነገ አንድ ጊዜ ልድገመው አለ።

በማግሥቱ ያየሁትን መናገር አሁንም ይከብደኛል። ያ ሰው በሕይወቱ ተጣድፎ አያውቅም። ያን ቀን ግን የሚሰምጥ ልጅ ለማውጣት የሚቀዝፍ ይመስል ነበር። የአንገቱ ጅማት ተገተረ፣ ጀርባው ላብ በላብ ሆነ፣ መርፌው የትናንቱን ምልክት አልፎ ሄደ፤ እሱም ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ። ስናነሳው እምቢ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ትንፋሹ ያፏጫል። ሲችል ወንድሜን ጠራው።

"እለፈኝ" አለው። "ያዘዝኩህ እኔ ነኝ።"

ወንድሜ ተቀመጠ። መርፌው ያለ ምንም ችግር ወጣ፣ አጎቴ የወደቀበት ምልክት ላይ ደረሰ፣ እዚያም ቆመ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ በራሱ ቋንቋ ይጮህበታል፤ አስተርጓሚ አላስፈለገንም። ወንድሜ አጎቴ ከቆየው ይበልጥ መርፌውን እዚያው ይዞት ቆየ፤ አንዲት ፀጉር ታህል አላሳለፈውም። ከዚያ እጀታውን ለቀቀ።

"ከዚህ በላይ የለኝም አባባ" አለ።

አጎቴ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ፤ የወንድሜን እርጥብ አንገት በመዳፉ ያዘና "ዋሸኸኝ" አለው። አልተቆጣም። እንደዚያ በለሰለሰ ድምፅ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ሐኪሙ አቅሙን ሁሉ የማያወጣ ሰው አልወስድም ብሎ ከተራራ ልጆቹ አንዱን ብቻ ይዞ ሄደ። እኛ በሁምቦ በኩል በእግራችን ወደ ሐይቁ ተመለስን። እኔ ተናድጄ ነበር፣ ለዓመታትም አልበረደልኝም። አንድ ቀን ወንድሜን ሞኝ ነህ ብዬ በግልጽ ነገርኩት። "አጎታችን ሲቀዝፍ አንተ ከኋላው ቆመህ ነበር፤ ፊቱን አላየኸውም" ብሎኝ መረቡን መጠገኑን ቀጠለ።

አጎቴ የሞተው እኔ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ እኛ ብቻ ስንቀር ወንድሜ ና ታንኳውን እናንቀሳቅሰው፣ ቆሞ እንዳይደርቅ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ውሃው እንደ ልማዱ ቀይ ነው፣ ነፋስ የለም። ከዳር ራቅ ስንል መቅዘፊያህን አስቀምጠው አለኝ፤ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ቀዘፈ። ታንኳዋ ከሥሬ ልትወጣ የደረሰች መስሎኝ ጎንና ጎኗን ያዝኩ። ውሃው ከፊታችን ይሰነጠቃል፣ ፊቴ ላይ ይረጫል፣ የተነሣንበት ዳር ወዲያው ርቆ አነሰ። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሬው ቀዝፌያለሁ፤ ይህን ሰው ግን ገና ያን ቀን አየሁት። ያ ሁሉ ጉልበት በውስጡ ሆኖ ዘመኑን ሙሉ ታግሶ እንደኖረ ሲገባኝ አለቀስኩ። እሱም እያለቀሰ ይቀዝፍ ነበር።

ሲበቃው መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አጋደመ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለከልክ ሰማሁት። ፊት ለፊቱ የአጎቴ መቀመጫ ባዶ ነበር፤ እሱን እያየ ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየ። ከዚያ ታንኳዋን ወደ ቤታችን አዞራትና መቅዘፊያህን አንሣ አለኝ።

ስንመለስ በአጎቴ አካሄድ ቀዘፍን።