ኦሬስቴ የማይረግጣት ቦታ

የጣሊያኗ ቤኔቬንቶ ከተማ ዳቦ ጋጋሪ ኦሬስቴ ካለፈው ወር ወዲህ ዕረፍት አጥቷል። የፈነዳ የውሃ ቧንቧ ሊጠግን የሱቁን ወለል ቢቆፍር፣ በጥንት ሮማውያን ዘመን በባለቀለም ጠጠር የተሠራች የሴት ፊት ብቅ አለች። ዓይኖቿ ትልልቅ ናቸው፤ ቀና ብላ ታየዋለች። ኦሬስቴ ሰው ሳያይበት አሸዋ አለበሳትና ንጣፉን መለሰባት።

ምን ያድርግ? ጎረቤቱ ሥጋ ሻጩ ኔቪዮ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ለቅርስ መሥሪያ ቤት ቢያመለክት፣ ሱቁ በቆርቆሮ ከታጠረ ይኸው ስድስት ዓመቱ። «እውነት ተናግሬ ደጅ አደርኩ! አንተ ካገኘህ አፍህን ያዝ» ይላል ባገኘው ቁጥር።

ኦሬስቴ አፉን ያዘ። እግሩ ግን እሺ አላለውም። ዳቦ ተሸክሞ ከምድጃው ወደ መደርደሪያው ሲመላለስ፣ ያቺ ቦታ ጋ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል።

«ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? እባብ አለ እንዴ?» አለችው ሚስቱ ፒያ።

«ዳቦሽን ሽጪ!» ብሎ ጮኸባት።

ቅዳሜ ጠዋት የከተማውን የቅርስ ቁፋሮ የምትመራው አርኪዮሎጂስት ሉቺላ እንደ ልማዷ ዳቦ ልትገዛ መጣች። ዳቦዋን ተቀብላም አልሄደችም፤ እግሩን ስታይ ቆየች።

«ሲኞር ኦሬስቴ፣ ወር ሙሉ የሚዞሩት ምንድን ነው?» አለች ቀስ ብላ። «ሥዕል ነው ወይስ መቃብር?»

ኦሬስቴ ዘወር ብሎ ምድጃውን አየ። የኔቪዮ ቆርቆሮ ትዝ አለው።

«እንዴት ብዬ ዓይኗን ልርገጥ?» አለ።