የውሻዬ ጥርስና የእትዬ ቅልጥም

ስሟን አልጽፍም። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃት ደግሞ ብዙ ነገር አልቀረበትም። የሟች ባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቁልቋል አጥር ነው። በፊቷ «እትዬ» እና «አንቱ» ነው የምላት፤ እዚህ ግን ወረቀቱም እስክሪብቶውም የእኔ ስለሆነ «እሷ» እላታለሁ። እሷ እኔን የምትጠራኝ «ሙሽራ» እያለች ነው። ከተዳርኩ አርባ ዓመት አልፎኛል፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ ጉልበቴ ደረጃ አያወጣኝም፤ እስካሁን ሙሽራ ነኝ። ገና ቤቱን አልለመድሽም ማለቷ ነው።

ሰፈራችን ለፋሲካ ቅርጫ ይገባል። በሬው ይታረድና ሥጋው በቅጠል ላይ እኩል እኩል ይመደባል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው አንድ ምልክት ይሰጣል፤ ቁልፍም ይሁን ስንጥር እንጨት። ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። ዕጣ ስለሆነ ማንም አያማርርም። ቅልጥሙ ግን ዕጣ ውስጥ አይገባም፤ በሬውን ገበያ ሄዶ ለመረጠው ሰው ይሰጣል። በየዓመቱ በሬ የሚመርጠው የእሷ ልጅ ነው። በየዓመቱ።

ባለፈው ፋሲካ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ቅልጥሙን በአጥሩ ላይ አቀበለችኝ። መቅኔው የለም። ውስጡ በማንኪያ እጀታ ተፍቆ እንደ ቧንቧ ወዲያ ማዶ ያሳያል።

«እንቺ ሙሽራ፣ ለውሻሽ።»

«እትዬ፣ ምን አስቸገርዎት?»

«ምን ችግር አለው! ጥርሱን ያጠነክርለታል።»

ውሻዬ ስም የለውም። ቡችላ ሆኖ ከደጎሎ በገብስ ጭነት ላይ ነው የመጣው፤ ሹፌሩ ስሙን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። «ና» ስለው ካሻው ይመጣል። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ግቢ ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ እሱ ብቻ ነው። ይህንን አንዴ ጽፌዋለሁ፤ አልደግመውም።

ሁለት ቀን ሙሉ ቅልጥሙን ሲቆረጥም ዋለ። ጠጠር የሚፈጭ ወፍጮ ነበር የሚመስለው። በሦስተኛው ቀን ወጥ የነካ እንጀራ ሰጠሁት፤ በምላሱ ነካ አድርጎት አለቀሰና ወደ ኋላ ሸሸ። ለሃጩ ይንጠባጠባል። ከሩቅ የሚመጣ ከበሮ እንደሚያዳምጥ ዲያቆን አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሏል። የስልኬን መብራት አብርቼ ከንፈሩን ገለጥ አደረግሁ። ትልቁ የላይኛው መንጋጋ ጥርሱ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ መሐሉ ላይ ቀይ ነጥብ ይታያል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ አልዋሽም። ይህቺ ሴትዮ በአርባ ዓመት ያደረገችኝ ነገር ሁሉ ምስክር አልነበረውም። አሁን ማስረጃ ተገኘ፤ ያውም አራት እግር ያለው።

እናም ለአገር አሳየሁ። ወተት ለምታመጣልኝ ሴት አፉን ከፍቼ አሳየኋት። ለንስሐ አባቴ አሳየኋቸው፤ ሊያሳልሙኝ ያወጡትን መስቀል ወደ ጉያቸው መልሰው «እግዚአብሔር ይማረው» አሉ። ማዶ ላሉት ሐጂ ጎረቤቴም አሳየኋቸው። «ወላሂ፣ ተሰንጥቋል!» አሉ። በመሐላ የተደገፈ ምስክርነት አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ለስድስተኛ ሰው ልከፍት ስል ውሻው ጥርሱን አሳየኝ፤ የተሰበረውን ሳይሆን የቀሩትን። ከዚያ ወዲያ እጄን ሲያይ እማገዶው ሥር ይገባ ጀመር። እህል ከቀመሰ ሁለት ቀን ሆነው፤ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ያኔ ደስታዬ ሁሉ በአንዴ ጠፋ።

የእንስሳት ሐኪሙን ለምኜ ቤት ድረስ አመጣሁት። ዘወትር የሚያክመው በሬና በቅሎ ነው። ማገዶው ፊት ቁጢጥ ብሎ ውሻው ሲያጉረመርምበት አፉን ተመለከተ፤ ሲያጉረመርም ጥሩ ይታያል።

«አብሽሩ እማማ» አለኝ። «ጥርሱ መነቀል አለበት። ካልተነቀለ መግል ይይዛል፤ እንዲህ ተርቦም ብዙ አይቆይም። ማደንዘዣውን እስክወጋው ብቻ የሚያምነው ሰው ይያዝልኝ።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብዬ ተጠጋሁ። ውሻው እጄን አየና አጉረመረመ።

«የሚያምነው ሰው ነው ያልኩት» አለ ሐኪሙ በትሕትና።

አንድ ሰው ነበረ። ያቺ ሰው ከአጥሩ ማዶ ቆማ፣ ክንዷን አጣጥፋ፣ ሁሉንም ስታይ ቆይታለች። ውሻው ድምፅዋን ሲሰማ ጅራቱን ይቆላል፤ በየቀኑ የሆነ ነገር ትወረውርለታለችና።

ወደ አጥሩ ሄድኩ። ያቺ መንገድ አሥር እርምጃ አትሞላም፤ እኔ ግን ወረኢሉ ደርሼ የተመለስኩ ያህል ደከመኝ።

«እትዬ፣ እባክዎ ይያዙልኝ።»

«ምኑን?»

«ውሻውን።»

«ጥርሱን ሰበረችው እያልሽ ለቄሱም ለሐጂውም ያወራሽበትን ውሻ?»

ወደ ማገዶው ዞር ብዬ አየሁ።

«በይ እንግዲህ። አልሰበሩትም በይኝ።»

ከማገዶው ሥር አንድ ቀጭን ልቅሶ መጣ።

«አልሰበሩትም» አልኩ።

«አልሰማሁሽም፣ ሙሽራ።»

«አልሰበሩትም እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ደነገጠ።

ይኸው ዛሬ በጽሑፍ ቃሌን አንስቻለሁ። ሰብራዋለች።

መጣች። ቀሚሷን ሰብስባ መሬት ላይ ቁጭ አለችና «የኔ ጌታ፣ የኔ አንበሳ፣ ማን ነው የነካብኝ?» አለችው። አርባ ዓመት በዚያ ድምፅ አናግራኝ አታውቅም። ውሻው እየተሳበ ወጥቶ አገጩን ጭኗ ላይ አሳረፈ። መርፌው ገባ። ሲተኛ ሐኪሙ ጥርሱን በሁለት ቁራጭ እየታገለ አወጣው፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይወርድ ነበር።

እጁን እየታጠበ መከረን። «ለውሻ የምትሰጡትን ነገር መጀመሪያ በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ተጫኑት። የጥፍራችሁ ምልክት ካልቀረበት ለጥርሱ ይከብዳል። ቅልጥምም፣ ቀንድም፣ ሰኮናም ያው ነው።»

«አባቴ ውሾቹን ሁሉ በአጥንት ነው ያሳደገ» አለች እሷ።

«አፋቸውን ከፍተው አይተው ያውቃሉ?»

አላየችም። ሰማዩን ማየት ጀመረች። ለሐኪሙ ያን ቀን እንቁላል የቋጠርኩለት ለጥርሱ ብቻ አይደለም።

ውሻው ዳነ። እኔ ግን ከፈልኩ፤ በየማለዳው ትመጣለች። «በሽተኛው እንዴት አደረ?» ትላለች፤ እንዴት አደርሽ አትለኝም። ቀዝቀዝ ያለ ገንፎ በእጇ ታበላዋለች። የሐኪሙን ምክር ደግሞ የራሷ አድርጋዋለች፤ ቤቴ ውስጥ ያገኘችውን ሁሉ በጥፍሯ ትጫናለች። ባለፈው ሳምንት መሶቤን ከፍታ የገብስ ዳቦዬን ተጫነችው። ሦስት ቀኑ ነበር። ጥፍሯ ተንሸራተተ።

«ሙሽራ» አለች፣ «ይሄን ለእሱ እንዳትሰጪው። ጥርሱን ትሰብሪበታለሽ።»

«እሺ እትዬ» አልኩና ከዚያው ዳቦ ወፈር አድርጌ ቆርሼ ከሻይ ጋር ለእሷ አቀረብኩላት። ላለመሸነፍ በላችው። ጥርሷ ሲንኳኳ ይሰማኝ ነበር። ውሻው እግሯ ሥር ተጋድሞ አፍንጫው ላይ የቀረውን ገንፎ ይልሳል።