ከነላስቲኩ

የልማት በጀት ሪፖርት ለሕዝብ በቀረበ ቁጥር ቦንጋ አዳራሽ ውስጥ የማያቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ከማንኪራ በእግራቸው ነው የሚመጡት። ኮታቸው የቀፎ ጭስ ይሸታል፤ መዳፋቸውን ቀፎ ለመስቀል ዛፍ የሚወጡበት ገመድ ልጦታል። የተሰብሳቢ መፈረሚያው ሲዞር ሳይፈርሙ ወደ ጎን ያሳልፋሉ። "ከፈረምኩ፣ ተስማምቷል ትላላችሁ" ይላሉ። ስለዚህ ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትናንት ሰብሳቢው "ለመንገዱ በተቆረጠው ጫካ ምትክ ከተከልነው ችግኝ ዘጠና በመቶው በሕይወት አለ" ሲሉ፣ ሽማግሌው የማዳበሪያ ከረጢታቸውን ይዘው ተነሡ። የደረቁ ችግኞችን እያወጡ ሰብሳቢው ፊት ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ከችግኝ ጣቢያው የመጡበት ጥቁር ላስቲክ የሁሉንም ሥር እንደጠቀለለ ነበር።

"ከነላስቲኩ ነው የቀበራችኋቸው። ሥሩ በየት ይውጣ?"

"አባቴ፣ አስተያየትዎን በጽሑፍ ያስገቡ። ይህን ደግሞ ያንሱልን።"

"አላነሳም!"

የታደላቸውን የታሸገ ውሃ፣ እንዳልተከፈተ፣ ከችግኞቹ አጠገብ አቆሙት።

"በሕይወት አሉ ብላችሁ የለ? በሉ አጠጧቸው።"