የቀይዋ መኪና በሮች

በ2015 ዓ.ም. ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ አረፋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቡታጅራ ላይ አንድ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ኃይለኛ ዝናብ አልነበረም። ዘቢዳር ተራራ ገና ጎህ ሲቀድ በደመና ተሸፍኖ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ካፊያው አንዴ ሲበረታ አንዴ ሲላላ እስከ ማታ ዘለቀ። ባጃጆቹ በላስቲክ መጋረጃ ተጀቡነው ያልፋሉ። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው መንገድ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ባሂራ የመኪና ዲኮር ቤቱ ደጃፍ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ የአንድ ሚኒባስ ወንበር ልብስ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስትሰፋ፣ አንዲት ቀይ፣ አጭር፣ ባለ ሁለት በር መኪና ጭቃውን እየሰነጠቀች መጥታ ፊቷ ቆመች።

መኪናዋ አሮጌ የስፖርት መኪና ናት። ከመሬት ከፍ ያለችው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ቀለሟ አዲስ ቢመስልም በበሮቿ ግርጌ ዝገቱ ከቀለሙ ስር አብጦ ይታያል። ሹፌሩ፣ አምሳ ዓመት የሞላው ወፍራም ሰው፣ ከውስጧ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ መጀመሪያ እግሩን አወጣ፣ ቀጥሎ በሩን ይዞ ራሱን ጎተተ።

«አሰላሙ ዓለይኩም እህቴ! ሰይዶ የለም?»

«ወዓለይኩም ሰላም። አለ፣ ሰላት ላይ ነው። ይግቡ፣ ዝናቡ እንዳይመታዎት።»

ሰውዬው አብዱልሃፊዝ ይባላል። መርካቶ ሻንጣ ይነግዳል፤ አገሩ ግን ከቡታጅራ በላይ፣ መስቃን ውስጥ ነው። በየዓመቱ ለአረፋ ወደ አባቱ ቤት ሲገባ አንዴ በአውቶቡስ አንዴ በሰው መኪና ነበር። ዘንድሮ በራሱ ሊገባ ነው፤ ያውም ከልጅነቱ ጀምሮ በሥዕል ሲያየው በኖረው ዓይነት መኪና።

«ሁሉ ነገሯ ደህና ነው፣ ሙዚቃዋ ብቻ ያንሾካሹካል» አለ። «መንዙማዬን ከፍቼ ዳገቱን ስወጣ አባቴ ገና ሳያየኝ ‘መጣ’ እንዲል ነው የምፈልገው።»

ባሂራ ተነስታ መኪናዋን ዞረቻት። በሯን በጣቷ አንጓ አንኳኳችው።

«ቆርቆሮ ናት። ትልቅ ስፒከር ቢገባባት እሷም አብራ ትዘፍናለች።»

«ታዲያ ትዝፈን!»

«ዘፈኗን ቢሰሙት አይወዱትም።»

ሰውዬው ሳቀ። ባሂራ አልሳቀችም፤ የተናገረችው የምታውቀውን ነው።

ይህን ሁሉ ያወቀችው ተምራ አይደለም። ትምህርት ያቆመችው ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው። እናቷ ታመመች፣ ቤት የሚይዝ ጠፋ፣ «ለአንድ ዓመት ብቻ» ተብላ ቀረች፤ ያ አንድ ዓመት እስከ ዛሬ አላለቀም። ኋላ ኢስሀቅ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሺያን አገባች። ኢስሀቅ ሲሞት ታላቅ ወንድሙ ሰይዶ፣ የዲኮር ቤቱ ባለቤት፣ «ቤት ከምትቀመጪ የወንበር ልብስ ስፊ» ብሎ አስገባት። ከመስፋት ወደ ኮምፔርሳቶ መቁረጥ፣ ከዚያ የስፒከር ሳጥን ወደ መሥራት፣ ከዚያ ሽቦ ወደ መዘርጋት አለፈች። ሰይዶ ወገቡን ካመመው ወዲህ ዳሽቦርድ ስር ገብቶ የሚተኛው ሰው እሷ ናት። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርታም፣ ባለመኪናው ሁሉ ጥሩ ድምፅ ሲሰማ «የሰይዶ እጅ!» ይላል። ሰይዶም «አልሐምዱሊላህ» ይላል።

በዚያ ሰሞን ሰይዶ ወልቂጤ ላይ ሁለተኛ ቤት ሊከፍት ነበር። ከአረፋ በኋላ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። የቡታጅራውን ማን ይያዘው የሚለው ገና አልተቆረጠም። ወይ ባሂራ ናት፣ ወይ ሀያቱ። ሀያቱ የሰይዶ ሚስት ወንድም ነው። መደርደሪያው ጋ ቆሞ ይሸጣል፤ አፉ ቅቤ ነው፣ ካቻቢቴ ግን በየትኛው በኩል እንደሚያዝ ሲያስብ ይውላል።

ባሂራ ቤቱ በእጇ እንዲሆን ፈለገች። አለቃ ለመባል አይደለም። ከዘቢዳር የሚወርደው የጠዋት ብርድ ጉልበቷን በያዘው ቀን አርፍዳ ልትከፍት፣ ሰው «ተነሺ» ሳይላት ልትነሳ፣ «ተቀመጪ» ሳይላት ልትቀመጥ ነው የፈለገችው። ሌላ ምኞት ከተወች ቆይታለች።

ሰይዶ ከሰላት ሲመለስ መኪናዋን አይቶ፣ ሰውየውን ሰላም ብሎ፣ ወደ ባሂራ ዞረ።

«ይቺን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንቺ ብቻ ስሪያት። እኔ እጄን አላስገባም። ካማረች እኔ ወልቂጤ ስሄድ የዚህ ቤት ቁልፍ ያንቺ ነው።»

«እኔስ ጋሼ?» አለ ሀያቱ ከመደርደሪያው ኋላ።

«አንተ ምላስ አለህ፣ የትም አትራብም።»

አብዱልሃፊዝ መኪናዋን ለሚቀጥለው ሐሙስ ብሎ ትቷት ሄደ። ባሂራ ጀመረች። የድሮውን ባለ ካሴት ቴፕ ስትነቅለው ከኋላው ያለው ሽቦ እንደ ደረቅ ገለባ እጇ ላይ ተሰበረ። ስለዚህ ከባትሪው ጀምሮ አዲስ ሽቦ ዘረጋች፣ ፊውዝ አስገባች። አምፕሊፋየሩን ከወንበር ስር አስተኛችው። የቤዙን ሳጥን የኋላ ወንበር ላይ አደረገችው፤ ያ ወንበር ለስሙ ወንበር ተባለ እንጂ ሁለት ፌስታል ቢቀመጡበትም ይጣበባሉ። የቀረው የበሮቹ ነገር ነው።

ለስስ በር ባሂራ የራሷ ዘዴ አላት። አንድ ጊዜ ስፖንጅ አልቆባት በንዴት የሞከረችው ነው፤ የእንሰት ቃጫ። በደንብ የደረቀ ቃጫ በማስቲሽ ተጠቅጥቆ በበሩ ቆርቆሮ ላይ ሲለጠፍ መንቀጥቀጡን ውጦ ያስቀረዋል፤ ድምፁም ወፈር፣ ረጋ ይላል። ከስፖንጅ ይበልጣል። ግን መድረቅ አለበት፤ አንድ በጋ ሙሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሊመታው ይገባል። ጆንያ ሙሉ የነበራት የደረቀ ቃጫ በሚያዝያ አልቆ ነበር። አረፋ ደግሞ ዘንድሮ ክረምት ላይ ወድቋል። ገጠሩ ሁሉ ለበዓሉ እንሰት እየፋቀ ስለሆነ ቃጫ ሞልቷል፤ እህቷ ሰፍያ አንድ ትልቅ እስር ላከችላት። ትኩስ፣ ነጭ፣ የሚያምር ቃጫ ነው።

ባሂራ እጇን ስትሰድበት ቀዘቀዛት። አልደረቀም። ይህን ለማወቅ ሁለተኛ መንካት አላስፈለጋትም።

ከሰል አቀጣጥላ አጠገቡ ዘረጋችው። ከሰዓቱን ሙሉ እያገላበጠች ስትጠብቅ ቆየች፤ ላዩ ደረቀ፣ ውስጡ ያው ነው። ወደ ሱቅ ወርዳ ስፖንጅ ልትገዛ ተነሳችና ተወችው፤ ዝናቡ አለ፣ የጉልበቷ ሕመም አለ፣ ሐሙስም ነገ ነው። ደግሞም የዚህች መኪና ድምፅ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ እንዲያምር ትፈልጋለች። ደክሟት ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። ቃጫውን ጠቀጠቀችው፣ የበሩን ልብስ መልሳ ገጠመች።

ሐሙስ ዕለት መንዙማው ሲከፈት ሰይዶ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ድቤው ደረት ውስጥ ይገባል፣ በሩ ግን ንቅንቅ አይልም። አብዱልሃፊዝ የሰይዶን እጅ ይዞ «የሰይዶ እጅ!» አለ። ሰይዶ ለመጀመሪያ ጊዜ «የሷ ነው» ብሎ ወደ ባሂራ ጠቆመ። ሰውዬው ሚስቱን ሊያመጣ ወደ አዲስ አበባ ነዳት።

ተመልሶ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሴቶች አረፋ ቀን ነው። እርዱ በነጋታው ነው፤ በዋዜማው ግን ቤቱ የሴቶቹ ነው፣ ጎመኑ ይከተፋል፣ አይቡ ይቀርባል፣ ሴቶቹ ተሰብስበው ይበላሉ። ባሂራም ቶሎ ወደ ሰፍያ ቤት ልትሄድ መሣሪያዋን እየሰበሰበች ነበር። ቀይዋ መኪና ሁለቱን መስኮቶቿን እስከ ታች አውርዳ፣ በዝናብ መጣች። በቀኝ በኩል አንዲት ሴት ሻርፗን በአፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ ወረደች። ሚስቱ ሳሌሃ ናት።

«የታለ የዚህች መኪና ሐኪም?» አለች ሳሌሃ ገና ሰላም ሳትል። «ሰው ወደ አገሩ ሲሄድ ስኳር ይይዛል፣ ሩዝ ይይዛል። የኔ ባል ወደ ቆጮ አገር ቆጮ ጭኖ ይሄዳል!»

«አንቺ ሴትዮ፣ ቀስ» አለ አብዱልሃፊዝ።

«ምን ቀስ! ከዓለም ገና ጀምሮ ሸተተኝ። ቡኢ ስንደርስ መስኮት ክፈት አልኩት፣ ይኸው ወገቤ ድረስ ርሼ መጣሁ። ሽታው ሙዚቃው ከፍ ሲል ይብሳል እኮ! ድቤው በተመታ ቁጥር አንድ ጉድጓድ ቆጮ ይከፈታል።»

ሀያቱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገባና የእግር ምንጣፉን ገለጠ። በመስኮቱ በገባው ዝናብ ውሃ አቁሯል።

«ይኸው! መኪናዋ ውሃ ታስገባለች። አሮጌ አይደለች? ምንጣፉ ገምቶ ነው የሚሸተው።»

«የበር ጎማዋ አርጅቷል» አለ ሰይዶ ቀስ ብሎ። «ከአረፋ በኋላ ጎማ ትቀይራለህ፣ ይለቃታል።»

ይህን ሲል ባሂራን አየት። ሰይዶ ያን የቃጫ እስር ከከሰሉ አጠገብ ተዘርግቶ አይቶታል። ዓይኑ ዝም በይ ይላታል። አብዱልሃፊዝም አምኖ ራሱን መነቅነቅ ጀምሮ ነበር። ዝም ብትል ቤቱ የሷ ነው። ባሂራ ይህን እዚያው ቆማ አወቀችው፤ በአፏ ውስጥ ያለው ቃል ግን ከበዳት።

«ውሃ አይደለም» አለች። «ቃጫ ነው። በበሮቹ ውስጥ ቃጫ ከትቻለሁ፣ አልደረቀም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሀያቱ የያዘውን ምንጣፍ ለቀቀው።

«ቃጫ?» አለ አብዱልሃፊዝ። «እናቴ ገመድ የምትገምድበት ቃጫ? እኔ መኪና ውስጥ?»

«አዎ።»

«ወላሂ!» አለ፤ ሊቆጣ ነበር፣ ሳሌሃ በሳቅ ስትፈርስ አቃተው። ከዚያ ፊቱን አጠቆረና ወደ ሰይዶ ዞረ። «እኔ አንተን ብዬ ነው የመጣሁት፣ ሰይዶ።»

ሰይዶ መሬት መሬት አየ።

ባሂራ በዚያው ካቻቢቴዋን አነሳች። ወንዶቹ ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። የበሩን ልብስ ስትፈታ ቃጫው ጠቁሯል፣ ነጭ ሻጋታ አብቅሏል፤ የስፒከሩ ወረቀት ጠርዙ ረጥቦ ለስልሷል። ስልኳ ጮኸ። ሰፍያ ናት።

«ጎመኑ አለቀ፣ አንቺ የታለሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«በሴቶች አረፋ? አንቺ ሰው አይደለሽም እንዴ?»

«ብሉ፣ አትጠብቁኝ።»

ሳሌሃ ከዱካው ላይ ተቀምጣ፣ የረጠበ ጫማዋን አውልቃ፣ ስታያት ቆየች። ቆይታ ቆይታ ተነስታ የበሩን ልብስ ያዘችላት።

«ዝም ብትይ እኮ ማንም አያውቅም ነበር» አለቻት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ተመልሳችሁ ትመጡ ነበር። ያኔም በሩን የምፈታው እኔው ነኝ። እስከዚያ ድረስ ይህን ነገር ይዤ ማደር አልቻልኩም። ደክሞኛል፣ እህቴ።»

ሳሌሃ የተፈታውን ብሎን ከእጇ ተቀበለቻት። እሷም የዕለቱ ጎመን ቀርቶባታል።

ባሂራ በሮቹን በበረኪና አጥባ በጨርቅ አደረቀች፣ ከአንድ አሮጌ የሚኒባስ ወንበር ስፖንጅ ቆርጣ ለጠፈች፣ ስፒከሮቹን ከመደርደሪያው ባወረደቻቸው ሌሎች ለወጠች። ሲጨርሱ አስር ሰዓት ሆኗል። አብዱልሃፊዝ ከሻይ ተመልሶ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ መንዙማውን ከፈተው። ድምፁ አለ፣ ግን ከፍ ሲል በሩ በስሱ ይንዘረዘራል።

«የመጀመሪያው ይበልጥ ነበር» አለ።

«ይበልጥ ነበር» አለች ባሂራ።

ሰውዬው ትንሽ አሰበና «ይሁን፣ አባቴ ጆሮው ደክሟል» ብሎ ሞተሩን አስነሳ። ሳሌሃ ሻርፗን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ አፍንጫዋን ነፃ አውጥታ ገባች። ሄዱ።

አረፋ አልፎ በሳምንቱ ሰይዶ ባሂራን ከጓዳ ጠራት። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ለሀያቱ ልሰጠው ነው» አላት።

«ስለ ቃጫው ነው?»

«ቃጫውስ ይሁን፤ እኔም ስንት መኪና አበላሽቻለሁ። በሰው ፊት መናገርሽ ነው። ለኔ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ሌላ ቀን ጠርተነው በዝምታ እናስተካክልለት ነበር። ደንበኛ ፊት ቆሞ ‘አጠፋሁ’ የሚል ሰው ቤት አይይዝም፣ ባሂራ።»

ልትመልስለት የምትችለው ነገር ነበር። የዚያን ጠዋት በዓይኑ ያላትን፣ የአሥራ አንድ ዓመቱን፣ ብዙ ነገር። ሰይዶ ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ ባሏ በሞተ ጊዜ ከሌላው ዘመድ ቀድሞ የመጣው እሱ ነው። ደግሞም ብትመልስለት እሱም ይመልሳል፣ እሷም እንደገና መከራከር አለባት።

«እሺ» አለችው፤ የጀመረችው ሳጥን ስለነበር ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ባሂራ አሁን አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ሰይዶ ወልቂጤ ነው፤ ቡታጅራ ያለውን ቤት ሀያቱ ይከፍታል፣ ሀያቱ ይዘጋል። እሷ ከጓዳ ሆና የስፒከር ሳጥን ትሠራለች፣ የወንበር ልብስ ትሰፋለች፣ ለበር ስፖንጅ ትለጥፋለች።